ከጠመንጃው ይልቅ ቀለሁ

ስለ አባቶቻችን ትጥቅ ስንጽፍ የምንቆጥረው ጠመንጃውን ነው፤ ይህን ያህል ወጨፎ፣ ይህን ያህል ውጅግራ፣ ይህን ያህል ምንሽር እያልን። የጥይቱን ነገር ዘንግተነዋል። እኔ ግን የታሪካችን ትልቁ ትምህርት ያለው ከአፈሙዙ ሳይሆን ከቀለሁ ነው ባይ ነኝ።

ውጅግራ ፈረንሣዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ለሠራዊታቸው የመረጡት፣ 11 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ነው፤ ስሙም «ፉዚ ግራ» ከሚለው የእነርሱ አጠራር የመጣ ነው። ፖል ቪዬ የተባለው ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1884 ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በዚሁ ባሩድ የሚተኩሰው ለበን ወጣ። ያን ጊዜ ውጅግራ ለባለቤቶቹ አሮጌ ዕቃ ሆነ፤ አሮጌውም ዕቃ በቀይ ባሕር በኩል ወደ እኛ መጣ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከተሰለፉት መሣሪያዎች አንዱም እርሱ ነበር። ጥይቱ እጅግ ከመፈለጉ የተነሣ በገበያ የማርያ ትሬዛ ብር ዝርዝር ሆኖ እስከ መገበያያነት ደርሷል።

የቀለህን ነገር በቅርብ ያስተዋልሁት ለዶክትሬት ትምህርት አሜሪካ ሳለሁ ነው። አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ እ.ኤ.አ. በ1873 የወጣውን የፈረንሣይ ጦር ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ይዘው ነበር። ጥይቱ ከመደብር በቀላሉ ስለማይገኝ የሌላ ጥይት ቀለህ እየቆረጡ ራሳቸው ያዘጋጁለት ነበር። ያስገረመኝ የእጃቸው ብልሃት ሳይሆን ጥንቃቄያቸው ነው። አስቀድመው ሽጉጡን ስንጥቅ እንዳይኖረው በባለሙያ አስመርምረዋል። ከጠረጴዛቸው ላይ ሁለት ዓይነት ባሩድ በአንድ ጊዜ አይቀመጥም። የተጠራጠሩትንም ጥይት አይተኩሱትም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የዚያ ዘመን ብረት የተሠራው ለጥቁሩ ባሩድ ግፊት ነው። ጥቁሩ ባሩድ ቀለሁን ሞልቶ፣ ባዶ ስፍራ ሳይተው ይጫናል። በዚያው ስፍር ጭስ አልባውን የሞላ ሰው ግን ሽጉጡን ከነእጁ ያጣል። ስለዚህ ሽማግሌው የሚጠቀሙት በጥቁሩ ብቻ ነበር፤ ዝቃጩ ብረት ስለሚበላም ተኩሰው ሲመለሱ ወዲያው በውኃ ያጥቡታል። አሮጌውን መሣሪያ የእርሳቸው ያደረገው የግዢ ደረሰኝ ሳይሆን ይህ ዕውቀት ነው።

እኛስ? እ.ኤ.አ. በ1935፣ የፋሺስት ወረራ ሊጀምር ወራት ሲቀሩት፣ ብሪታንያና ፈረንሣይ «ገለልተኛ ነን» ብለው ለኢትዮጵያም ለኢጣሊያም መሣሪያ መሸጥን ከለከሉ። ላይ ላዩን ሲታይ ፍርዱ እኩል ይመስላል። ዳሩ ግን ኢጣሊያ መሣሪያዋን ራሷ ትሠራለች፤ እኛ ገዢዎች ነን። ክልከላው በእኛ ላይ የተነሣው ወረራው ከተጀመረ በኋላ፣ በጥቅምት ነው። ያን ጊዜ አርበኛው የያዘው ከየአገሩ የተሰበሰበ፣ የአንዱ ጥይት ለሌላው የማይሆን ጠመንጃ ነበር። ጀግንነት አልጎደለውም፤ የጎደለው ጥይት ነው።

ይህን ያነሣሁት ሙት ለመውቀስ አይደለም። በማስተምርበት ግቢ፣ በብዙ ገንዘብ ተገዝቶ፣ ሪባን ተቆርጦለት፣ አንዲት መለዋወጫ ስለጠፋች ብቻ አቧራ የለበሰ የቤተ ሙከራ መሣሪያ በየዕለቱ አልፋለሁ። ሪፖርቱ ላይ ግን «አለን» ተብሎ ይቆጠራል። ይህ መሣሪያ ከባዶ ዝናር በምን ይለያል?

መንግሥታት መጡ፣ ሄዱ፤ ጠመንጃውን የመቁጠር ልማዳችን ግን አልሄደም። አንድ ዕቃ ሲገዛ «ስንት ነው?» ከማለት አስቀድሞ «ሲጎድል ማን ይሞላዋል? ልኩንስ ማን ያውቃል?» ብሎ የሚጠይቅ ሹም የምናገኝበትን ቀን እናፍቃለሁ። ያልሞላነው ቀለህ እስካለ ድረስ ጠመንጃው የእኛ አይደለም፤ ትከሻችን ላይ የተንጠለጠለ የሰው ንብረት ነው።