እንግዳዋ ዶሮ ለብቻዋ ትደር

ለመሆኑ በእናንተ ቤት የእንቁላሉ ገንዘብ የማን ነው? በእኛ በአሰንዳቦም ሆነ በጅማ ዙሪያ ባሉት ከተሞች መልሱ ብዙ አያከራክርም። ቡና በዓመት አንድ ጊዜ ይለቀማል፤ ገንዘቡም በአባወራው እጅ ገብቶ ለትልልቁ ጉዳይ ይውላል። እንቁላል ግን የእናት ነው። የልጆች ደብተር፣ ሳሙናው፣ ጨውና ዘይቱ፣ ልጅ ሲታመም የካርድ ማውጫው፣ የእሑዱ መባ ሳይቀር ከዚያው ይወጣል። ስለዚህ አሥር ዶሮ በአንድ ሳምንት ሲያልቅ ባል «ዶሮ አለቀ» ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ ሚስት ግን የሞተባት ቦርሳዋ ነው። ይህን የምጽፈው ለሁለታችሁም ነውና ባሎች ገጹን ገልጣችሁ እንዳታልፉት።

ዶሮ ጨራሹን በሽታ ሁላችንም በስሙ እናውቀዋለን፤ ፈንግል ነው። የእንስሳት ሐኪሞች ኒውካስል ይሉታል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1926 ከታየባት ከእንግሊዟ የኒውካስል ከተማ ነው፤ በዚያው ዓመት በኢንዶኔዥያ በጃቫ ደሴትም ታይቶ ነበር። ቫይረስ ስለሆነ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ዶሮዋ ላባዋን ነፍታ ትተክዛለች፣ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ አረንጓዴ ያስቀምጣታል፣ ክንፏ ይወድቃል፤ አንዳንዷም አንገቷ ይጠመዘዛል። ክትባት ወደማያውቅ ግቢ ሲገባ ከአሥሩ ዘጠኙን፣ አንዳንዴም ሁሉንም ጠርጎ ይሄዳል።

በጸሎት ኅብረታችን አንዲት እህት ዶሮዎቿ ማለቃቸውን ተናግራ «ጠላት በኑሮዬ ላይ ተነሣ» ስትል ሰምቻለሁ። ጸለይንላት፤ መጸለያችንም መልካም ነበር። ስንወጣ ግን ለብቻዋ አንድ ነገር ጠየቅኋት። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ወደ ግቢሽ የገባ ዶሮ ነበር?» ጥቂት አሰበችና «ለበዓል ገዝተን ያተረፍናት አንዲት ገብስማ ነበረች፤ ቀድማ የሞተችውም እሷ ናት» አለችኝ። እንግዲህ ጠላት የገባው በበሩ፣ ያውም ዋጋ ተከፍሎበት ነው ማለት ነው!

ፈንግል ዶሮዋ ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ከ2 እስከ 15 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ስድስት ቀን ይፈጅበታል። ገበያ ላይ ዓይኗ ጥርት ብሎ፣ ክንፏን እያራገበች ያየናት ዶሮ በሽታውን ይዛ ልትሆን ትችላለች። በዚህ ላይ ሁላችንም የምናውቀውና የማንነጋገርበት ነገር አለ። በጎረቤት ግቢ ሁለት ዶሮ ሲሞት ባለቤቶቹ የቀሩትን ሳይሞቱባቸው በማግስቱ ገበያ ያወጧቸዋል። ድህነት ነውና በእነሱ ለመፍረድ አልቸኩልም። ሆኖም ያች ዶሮ የሌላዋን እናት ቦርሳ ይዛ እንደምትሄድ እያወቁ መሸጥን «ንግድ ነው» ብዬ ልቀበለው አልችልም።

ታዲያ ምን እናድርግ? አባቶቻችን አዲስ ዶሮ ሲመጣ እግሯን በገመድ አስረው ከቤቱ ጥግ ያቆዩአት ነበር። ይህ ቤት እንድትለምድና እንዳትጠፋ ነው እንጂ ለጤና አይደለም። የታሰረችዋ ጥሬ ሲበተንላት የቤቶቹ መጥተው አብረው ይለቅማሉ፣ ከአንድ ገበታ ውሃ ይጠጣሉ፣ ኩሷንም ይረግጣሉ። መለየት ማለት ይህ አይደለም። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ላይ ካህኑ የተጠረጠረውን ሰው ሰባት ቀን ይዘጋበታል፤ ካልለየለት ሌላ ሰባት ቀን ይጨምርበታል። በ2012 ዓ.ም ኮሮና ሲመጣም ከውጭ የገቡ ወገኖቻችን በሆቴል ተለይተው የቆዩት አሥራ አራት ቀን ነበር። ያን ጊዜ «ለይቶ ማቆያ» የሚለውን ቃል ሕፃን እንኳ ለምዶት ነበር። ለዶሮ ግን ከዚያም በላይ፣ ሠላሳ ቀን ያህል ማቆየት ይመከራል፤ ቀስ ብለው የሚገለጡ ሌሎች በሽታዎች አሉና።

ቃሉን ማወቅ ቀላል ነው፤ በቤት ውስጥ ማድረጉ ግን ጣጣ አለው። ባለፈው ዓመት ባለቤቴ እናቱን ጠይቆ ሲመለስ ሁለት ዶሮ ይዞ መጣ። አንዷን አማቴ «ለልጆቹ» ብለው የሰጡት ናት፤ ሌላዋን ቄብ መኪናው መንገድ ላይ ሲቆም ነው የገዛት። ሁለቱንም ከጓሮ፣ ከዶሮዎቻችን ራቅ ወዳለች አሮጌ የቡና ማስቀመጫ አስገባኋቸው። ባለቤቴ ፊቱ ተለወጠ።

«እናቴ የሰጠችኝን ዶሮ እስረኛ ልታደርጊያት ነው?»

«እማማ የሰጡን ዶሮ እንዳትሞትብን ነው።»

«እሷ ቤት የታመመ ዶሮ የለም።»

«የለም። መኪና ላይ ከማን ጋር ተሳፍራ እንደመጣች ግን እማማም አያውቁም።»

መልስ አልሰጠኝም፤ ሁለት ቀንም ዝም ብሎኝ ሰነበተ። የትዳር ነገር፣ ወገኖቼ፣ አንዳንዴ በዶሮም ይፈተናል። በሦስተኛው ቀን ጠባቂነቱን ለራሱ ሰጠሁት። «የቤቶቹን እኔ አበላለሁ፤ የእማማን ዶሮ አንተ ጠብቃት» አልኩት። እሺ አለ። በስድስተኛው ቀን ማታ ከጓሮ ተጣራ፤ ቄቧ አንገቷን ቀብራ ቆማለች። በዘጠነኛው ቀን ሞተች። ፈንግል ይሁን ሌላ፣ ያየው ሐኪም የለምና አልናገርም። ባለቤቴ ለውሻ ሳይጥል ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበራት፤ ከዚያም ማንም ሳይነግረው በግድግዳው ላይ በከሰል ያሰመራቸውን ዘጠኝ መስመሮች አጥፍቶ ከአንድ ጀመረ። ልክ ነበር። አብራት የነበረችው በሕይወት ብትኖርም፣ አንዳንድ ዶሮ ሳትታመም ወይም ከዳነች በኋላ በሽታውን በኩሷ ልታወጣ ትችላለች። አማቴ ሰፈር ክትባት ተሰጥቶ እንደነበር የሰማነው በኋላ ነው። በቆጡ ላይ ከነበሩት አሥራ አንዱ ዶሮዎቻችን አንድም አልጎደለብንም።

ወጪው ብዙ አይደለም። አሮጌ ቅርጫትም ቢሆን ይበቃል፤ ዋናው ርቀቱ ነው። እንግዳዋ የራሷ የውሃ ዕቃ ይኑራት። መጀመሪያ የቤቶቹን፣ ከዚያ እንግዳዋን መግቡ፤ ከእሷ ዘንድ ስትወጡ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ጫማችሁንም ቀይሩ፤ ቫይረሱ በጫማ ላይ በተጣበቀ ኩስ ይጓዛልና። ልጆች እየሮጡ ከዚህ ወደዚያ የሚመላለሱ ከሆነ የለያችሁት በስም ብቻ ነው። ከክንፏ ሥርና ከጅራቷ አካባቢ ላባዋን ገልጣችሁ ቅማልና ቅንቅን ፈልጉ። ኩሷን ተመልከቱ፤ ደም የቀላቀለ ከሆነ ሌላ በሽታ አለ፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያ አማክሩ።

አንዳንድ በሽታ ግን ተሸካሚዋ ላይ ምንም ሳይታይ ወራት ሊኖር ይችላል፤ ሠላሳ ቀን ብትቆጥሩም አትለዩትም። ለዚህ አርቢዎች አንድ ዘዴ አላቸው። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ከቤት ዶሮዎች አንዱን፣ ብዙ የማይጎዳችሁን አውራ ዶሮ፣ ከእንግዳዋ ጋር ያሳድሩታል። እሱ ደህና ከሆነ ተስፋ አለ። ለአውራ ዶሮው ታሳዝናላችሁ፤ እኔም አሳዝኖኝ ነበር።

መለየቱም ብቻውን አይበቃም፤ ፈንግል በድንቢጥም ባይሆን በጎረቤት ዶሮ በአጥር ሾልኮ ይገባል። ክትባቱ እዚሁ አገራችን ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ1964 በተቋቋመውና ቢሾፍቱ በሚገኘው በብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል። ከእነሱም አንዱ ለገጠር ዶሮ ተብሎ በአውስትራሊያ የተገኘ፣ ሙቀትን ከሌሎቹ ይልቅ የሚችል ዓይነት ነው፤ በዓይን አንዲት ጠብታ ይደረጋል፣ በየአራት ወሩም ይደገማል። ቀድሞ የታመመችውን አያድንም፤ ጉልበት እስኪያገኝም ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። እንግዳዋን ጤነኛ መሆኗን ካያችሁ በኋላ እዚያው በተለየችበት አስከትቧት።

ችግሩ ብልቃጡ ነው። አንዱ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ሲሆን ከተበጠበጠ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። ሰባት ዶሮ ላላት እናት ብቻዋን አያዋጣትም። እኛ ሰፈር ግን ቤት ለቤት ተነጋገርን፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም እኛም ገንዘብ አዋጣን፣ ባለሙያውንም ጠራን። ዶሮ ከቆጥ ከወረደ በኋላ ማን ይይዘዋል? ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ገና ጎሕ ሳይቀድ ጎረቤቴ «ተነሺ፣ ሳይወርዱ!» እያለች በሬን ደበደበች፤ ባለቤቴም ባትሪውን ይዞ ከእኔ ቀድሞ ወጣ።