ለጌጥ ያልነው መብራት

ባለፈው ክረምት ወልድያ የሄድኩት ለእናቴ አግዳሚ ወንበር ላሠራላት ነበር። ከግቢያችን የተቆረጠው ዋንዛ ጣውላ ሆኖ ሁለት ዓመት ጥላ ውስጥ ደርቋል። ዋንዛ ደግሞ ለመላጊያ የሚገዛ፣ ምስጥም ቶሎ የማይደፍረው እንጨት ነው።

አናጢው ወጣት ነው። «ጋሼ፣ ከሥሩ ኤልኢዲ እናስገባለት፤ ያምራል» አለኝ። እንደ መቀነት የተጠቀለለ ጥብጣብ አመጣ። ከመቀመጫው ጠርዝ ሥር በመሮ ቀጭን ቦይ ፈለፈለ፤ ጥብጣቡን ምልክቱ ላይ ብቻ ቆረጠ፤ ሌላ ቦታ ከተቆረጠ ያ ክፍል አይበራም። በ12 ቮልት ስለሚሠራ ከባትሪ ጋር አገናኘው። ይህን ነጭ ብርሃን ያስቻለው ሰማያዊ ኤልኢዲ ለሦስት ሳይንቲስቶች በ2007 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። የእናቴን ይሁንታ ግን አላገኘም።

ሲመሽ በረንዳው ላይ አበራሁት። መንገደኛው ሁሉ ዞር እያለ ያያል፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። እናቴ ጋቢዋን ይዛ ወጣችና መብራቱን ጋረደችው።

«ምነው እማዬ?»

«ከውጭ ይታያላ!»

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማው በጦርነቱ ተይዞ፣ መብራትም ስልክም ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ ኩራዟን እንዲሁ በጋቢ ስትጋርድ ነው የከረመችው። እኔ ያኔ አዲስ አበባ ሆኜ የማይገባ ስልክ እደውል ነበር። ይህን እስከዚያች ምሽት ድረስ አልነገረችኝም፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም።

በማግስቱ ማታ ጎረቤታችን ለቡና መጣች። እናቴ ከውስጥ ሆና፣ «እንዳትደናቀፍ ጋቢውን አንሣላት» አለችኝ። ላነሣው ጎንበስ ስል ደግሞ፣

«በደጃፉ በኩል ያለውን ተወው።»