የሰሌዳው ጀበና

በኢትዮጵያ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቶ ሥዕል የተማረ ሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ጀበና ያስታውሳል። ጀበናው በጥቁር ሰሌዳ ላይ በነጭ ጠመኔ የተሣለ ነው፤ ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ቀጥ ያለ፣ ጡቱ ወደ ጎን የወጣ። መምህሩ ሥሎ ሲጨርስ የእጁን ብናኝ ያራግፍና «ይህን በየደብተራችሁ ገልብጡ» ይላል። 60 ሕፃናት አንገታቸውን ደፍተው 60 ጀበና ይገለብጣሉ። 40 ደቂቃው ሲያልቅ ደብተር ይሰበሰባል፤ ሰሌዳውን የመሰለው 10 ከ10 ያገኛል፣ ያልመሰለው በቀይ እስክሪብቶ ይሠረዛል።

ከእነዚያ 60 ሕፃናት መካከል ግን አብዛኞቹ በዚያው ዕለት ማለዳ እውነተኛውን ጀበና እሳት ላይ ተጥዶ አይተው የመጡ ናቸው። የአንደኛዋ ቤት ጀበና ጆሮው ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። የሌላው ጥላሸት ጠጥቶ ጠቁሯል። የሦስተኛው ጡት የለውም፣ በአፉ ብቻ የሚቀዳ ነው፤ ማቶቱ ላይ ሲቀመጥም ትንሽ ያዘነብላል። ይህ ሁሉ ዕውቀት ከክፍሉ ደጃፍ ውጭ ይቀራል። በሰሌዳው ላይ ያለው ጀበና ቡና ፈልቶበት የማያውቅ ጀበና ነው።

የትምህርቱ ስም በየዘመኑ ሲለዋወጥ ኖሯል። አንድ ጊዜ ሥዕልና የእጅ ሥራ፣ ሌላ ጊዜ ሥነ ውበት ተብሏል፤ አሁን ደግሞ የክዋኔና የዕይታ ጥበባት የሚል መጠሪያ ይዟል። የስሙ መለወጥ አይከፋም፤ ጠመኔው ግን ያው ነው። በ1950 ዓ.ም. በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ጥረት አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለአገሪቱ ዕውቅ ሠዓልያንን አፍርቷል። ይሁን እንጂ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ በሆነው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሦስተኛ ክፍልን ይዞ የሚያስተምረው ሰው እንደ ደንቡ ከዚያ የወጣ ሠዓሊ አይደለም። ሒሳቡንም ቋንቋውንም ደርቦ የሚያስተምር፣ ምናልባትም እርሱ ራሱ በልጅነቱ የሰሌዳውን ጀበና ሲገለብጥ ያደገ መምህር ነው። ፈተና በቀረበ ቁጥር የሥዕሉ ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ መከለሻ ይሰጣል፤ በዚህ ቅር የሚለው ወላጅም ጥቂት ነው።

በአንዲት የወይና ደጋ ከተማ የምታስተምር መምህርት ይህን ልማድ እንድትተወው ያደረጋት የአንዲት ተማሪዋ ንግግር ነው። ልጅቱ 9 ዓመቷ ነበር፤ ከሌላ ክፍል ተዛውራ የመጣች። «የየቤታችሁን ጀበና ሣሉ» ሲባል እርሳሷን ዴስኩ ላይ አስቀመጠችና «እትዬ፣ እኔ ሥዕል አልችልም፤ ሰሌዳው ላይ ይሣሉልኝና ልገልብጥ» አለች። መምህርቷን ያስደነገጣት የልጅቱ አለመቻል ሳይሆን የእርግጠኛነቷ መጠን ነው። ሦስት ዓመት ሲሆናት በከሰል ግድግዳ ስትሞነጫጭር የተቆጧት ልጅ፣ በ9 ዓመቷ ማንም ሳይቆጣት እጇን ሰብስባለች።

ኦስትሪያ ተወልዶ በአሜሪካ ያስተማረው ቪክቶር ሎወንፌልድ እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተመው የሕፃናትን የፈጠራና የአእምሮ ዕድገት በሚመረምር መጽሐፉ ይህንኑ «አልችልም» የሚለውን ቃል አንሥቶ ነበር። ሕፃን ሌላ ሰው የሣለለትን እንዲቀባና እንዲገለብጥ ሲደረግ፣ የእርሱ እጅ ያን ያህል ንጹሕ መሥመር ማውጣት እንደማይችል ይማራል፤ ከዚያ በኋላ በገዛ መሥመሩ አይተማመንም ሲል ተከራክሯል። መምህርቷ መጽሐፉን አላነበበችውም። በማግሥቱ ግን የራሷን ጀበና በጋዜጣ ጠቅልላ ይዛ መጣች።

ሰሌዳው እንደ ጸዳ ቀረ። ልጆቹ በየተራ ዓይናቸውን ጨፍነው ጀበናውን በሁለት እጃቸው ዳሰሱት። «የት ላይ ሰፋ? የት ላይ ጠበበ? ጡቱ ከሆዱ ነው የሚወጣው ወይስ ከአንገቱ? ጆሮው ውስጥ ስንት ጣት ይገባል?» እያለች ጠየቀቻቸው። ከዚያም ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ጅረት ባመጡት ጭቃ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሠሩ። እርሳስ የተያዘው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። «አልችልም» ያለችው ልጅ የሣለችው ጀበና ጠማማ ነበር፤ ሆኖም ከንፈሩ ላይ ያለው ስባሪ ሳይቀር በቦታው ነበረ። መምህርቷ ያንን ስባሪ ሦስት ዓመት ሙሉ ቡና ስትቀዳ ልብ አላለችውም።

ማስተማር ማለት በዚህ ደረጃ በአመዛኙ መጠየቅ ነው። ጥያቄው ግን ከነገሩ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚጠየቅ መሆን አለበት።

የእርሻው ሥዕል ሌላ ጉዳይ አስነሣ። አንድ የገበሬ ልጅ አባቱ ሲያርስ ሣለ። እርሻውን ከላይ እንደሚታይ ዘርግቶታል፤ ሁለቱን በሬዎች ግን ከጎን ሣላቸው፣ አንደኛውን ከሌላው በላይ አድርጎ፣ ስምንቱም እግሮች ተቆጥረው። ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፣ እርፉና ድግሩ አልጎደሉም። አባቱ ከሁለቱ በሬዎች ይበልጣል። አንዲት የጎረቤት መምህር ደብተሩን አይታ «ይህማ ስህተት ነው፤ በሬ በሬ ላይ ይቆማል እንዴ?» ብትለው ልጁ ሳያመነታ መለሰ። «ከጎን ብሥለው አንዱ ሌላውን ይሸፍንብኛል፤ አባቴ ደግሞ ሁለት በሬ ነው ያለው።»

ፈረንሳዊው ዦርዥ ሄንሪ ሉኬ እ.ኤ.አ. በ1927 ስለ ሕፃናት ሥዕል በጻፈው መጽሐፍ ሕፃን የሚያየውን ሳይሆን የሚያውቀውን ይሥላል ያለው ይህን የመሰለውን ነው። በላሟ ሆድ ውስጥ ጥጃዋን፣ በቤቱ ግድግዳ ውስጥ ምድጃውን አሳይቶ የሚሥል ሕፃን ዓይኑ አልተሳሳተም፤ ያወቀውን መደበቅ አልፈለገም። ለኢትዮጵያዊ መምህር ይህ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ጻድቁን በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት፣ ክፉውን በአንድ ዓይኑ በጎን ሲሥል የኖረው ሰው ከጎን ሲታይ ምን እንደሚመስል ጠፍቶት አይደለም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ትንንሽ ሥዕሎች ከፋፍሎ በአንድ ሸራ ላይ የሚያሰፍረውም ሠዓሊ፣ ታላቁን ሰው ገዝፎ እንዲታይ የሚያደርገውም፣ ከዚያ የገበሬ ልጅ ጋር በአንድ ቋንቋ ይነጋገራሉ። በዚህ ቅርስ የሚኮራ ትምህርት ቤት፣ ያው አሣሣል በሕፃን ደብተር ላይ ሲመጣ በቀይ መሠረዙ ግራ የሚያጋባ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ፈታኝ ጥያቄ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1897 ቪየና ውስጥ ለሕፃናት የሥዕል ክፍል የከፈተው ፍራንዝ ቺዤክ፣ ሕፃናት የራሳቸው ጥበብ ስላላቸው የአዋቂ ሥራ ያንን ማበላሸት ሳይሆን እንዲያድግ መንገድ መልቀቅ ነው ብሎ ያምን ነበር። ሐሳቡ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ተሰራጭቷል፤ ሰሌዳው ላይ ከተሣለው ጀበናም እጅግ ይሻላል። ነገር ግን እንዳለ ተገልብጦ ቢወሰድ እርሱም ሌላ የሰሌዳ ጀበና ይሆናል። ቺዤክ የሚያስተምረው በፈቃዳቸው ወደ እርሱ የመጡ ልጆችን ነበር። በ60 ተማሪ ክፍል ውስጥ «የፈለጋችሁትን ሣሉ» ብሎ ወንበር ላይ መቀመጥ ነፃነት ተብሎ ሊጠራ ቢችልም ለብዙዎቹ ልጆች ባዶ ወረቀት ነው፤ ባዶ ወረቀት ደግሞ ያስፈራል።

ደግሞስ መኮረጅ ሁሉ ጎጂ ነውን? የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ከመምህሩ ሥር ተቀምጦ ቀለም እየበጠበጠ፣ የመምህሩን መሥመር እየተከተለ ነው የወጣው። የሸማኔ ልጅም የአባቱን ጥለት እያየ ነው ያደገው። በእነዚህ ቦታዎች የሚኮረጀው የተጠናቀቀው መልክ ብቻ ሳይሆን አሠራሩ ነው፤ ልጁ እጅ ከእጅ ጋር ሆኖ፣ ቁሱን ጨብጦ፣ የሚለበስ ወይም የሚበላበት ነገር ሲወጣ እያየ ይኮርጃል። ሰሌዳው ላይ ያለው መሥመር ከየት እንደመጣ ግን ለማንም አልታየም።

መምህርቷ ይህን ልዩነት የተረዳችው የአንዲት ተማሪ አያት ክፍል ድረስ በመጡ ጊዜ ይመስላል። እማማ ስንደዶአቸውን፣ በልዩ ልዩ ቀለም የተነከረውን አለላቸውንና ወስፌአቸውን ይዘው መጥተው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ወንዶቹ መጀመሪያ ሣቁ። ሸማኔው ወንድ በሆነበት አገር ስፌት በወንድ ልጅ እጅ የሚያስቅበት ምክንያት ግልጽ አይደለም፤ ደግነቱ ሣቁ አልቆየም፣ ለወስፌ መሻማት ተጀመረ። ስፌት ከመሐሉ ተነሥቶ ዙሪያውን እየሰፋ ሲሄድ ጌጡም አብሮት ይሰፋል፤ ስለዚህ በየዙሩ አለላው ስንት ጊዜ እንደሚወጋ መቆጠር አለበት። አንዱን የሳተ ሰው ጌጡ ጋደድ ሲልበት ያያል። «እማማ፣ ተበላሸብኝ» አለች አንዷ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። እማማ ተቀብለው አዩት። «አልተበላሸም፤ ቁጥሩ ነው የሸሸሽ። እስከዚህ ድረስ ተርትሪውና ጀምሪ።» ቀይ እስክሪብቶ አላስፈለገም፤ የተሳተውን ያሳየችው ስፌቷ ራሷ ነች። መምህርቷ በሚቀጥለው ሰኞ የማባዛት ትምህርቷን በስፌቱ ዙሮች ጀመረች፤ ስለዚህ ለሒሳብ የተወሰደ ክፍለ ጊዜ አልነበረም ማለት ይቻላል።

የቁሳቁስ እጥረት በስብሰባ ሁሉ ይነሣል። እጥረቱ እውነት ነው፤ ማመካኛ የሚሆንበት ጊዜም አለ። በዚያች ክፍል ጥቁሩ ከከሰል፣ ቀዩ ከተነፋ ቀይ አፈር፣ ቢጫው ከእርድ ተገኘ፤ ማጣበቂያው በውኃ የሟሟ የግራር ሙጫ ነው። ጫፉ የታኘከ መፋቂያ ጥሩ ብሩሽ ይወጣዋል። ወረቀቱ የተራገፈ የሲሚንቶ ከረጢት ነበር። ሕፃናቱ ራሳቸው ለእንቁጣጣሽ ፀሐይና መልአክ ሥለው በየቤቱ ሲያዞሩ፣ ለሥዕላቸው ሳንቲም ሲቀበሉ የኖሩ ናቸው፤ ቀለም ከየት እንደሚገኝ ከመምህራን ይልቅ እነርሱ ያውቁታል።

የወላጆች ቀን ሲደርስ ነገሩ ከርዕሰ መምህሩ ዘንድ ደረሰ። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እንግዶች ይመጣሉ፣ ትምህርት ቤቱ በግድግዳው ይመዘናል። «መምህርት፣ እኔ ድካምሽን አውቃለሁ። ግን ይህን የሚያይ ሰው ልጆቹ ምንም አልተማሩም ይላል። ያለፈው ዓመት ንጹሕ ሥዕሎች አሉ አይደል?» አሉ። መምህርቷ «ጌታዬ፣ እነዚያን የሣልኳቸው እኔ ነኝ፤ ልጆቹ የያዙልኝ እርሳሱን ብቻ ነው» ስትል መለሰች። ከብዙ ንግግር በኋላ ግድግዳው ለሁለት ተከፈለ። በስተቀኝ በኩል፣ ከበሩ ትይዩ፣ አንድ ዓይነት የሆኑት ጀበናዎች ተሰለፉ፤ የሲሚንቶው ወረቀት ወደ ጓዳው ጥግ ተገፋ።

ወላጆች ከቀኙ ግድግዳ ፊት እያደነቁ አለፉ። ከጥጉ ዘንድ ግን የቆዩ ነበሩ። የዚያ ልጅ አባት ዱላቸውን ተደግፈው፣ ከበሬዎቹ ሥዕል ፊት ለፊት ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆሙ። ርዕሰ መምህሩ እንግዶቹን አስከትለው ሲደርሱ ሰውየው ወደ ልጃቸው ዞር አሉ።

«ምራኑን ረስተኸዋል። ሞፈሩ ከቀንበሩ በምን ተይዞ ነው በሬዎቹ የሚስቡት?»

ልጁ ቀረብ ብሎ አየ። ከዚያም እንግዶቹ ቆመው ሲጠብቁ መምህርቷን ከሰል ጠየቃት።