ከቃሊቲ እስከ አዳማ፤ በጎሚስታው ደጅ

አንባቢ ሆይ፤ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወስደውን አሮጌ መንገድ ሳያውቁት አይቀሩም። ቃሊቲንና አቃቂን አልፈው፣ ዱከምን ተሻግረው፣ የዝቋላን ተራራ በስተቀኝ እያዩ ቢሾፍቱ ይደርሳሉ። ከዚያ ሞጆ፣ ከሞጆም አዳማ ነው፤ ርቀቱ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፈጣኑ መንገድ ከተከፈተ ወዲህ ጊዜ የቸገረው ሁሉ በዚያ ያልፋል። ከተሞቹንና ሰዎቻቸውን ማየት ለሚሻ ግን ዛሬም የሚሻለው አሮጌው ነው።

የቢሾፍቱን ሐይቆች ያደነቀ ጸሐፊ ብዙ ስለ ሆነ፣ እኔ የማሳይዎ ከሐይቁ ዳር ሳይሆን ከአስፋልቱ ዳር ያለውን ነው፤ ይኸውም የጎሚስታው ደጅ ነው። ደጁን ለመለየት ጽሑፍ ማንበብ አያስፈልግም፤ አሮጌ ጎማ ተሰቅሎ ወይም ተደግፎ ቆሞ ካዩ ደርሰዋል። በዘይት የጠቆረ መሬት፣ እያጓራ አየር የሚነፋ ሞተር፣ የጎማ ቀዳዳ የሚፈለግበት ውሃ የሞላ ገንዳ፣ አንድ ባለሙያና አንድ ሁለት ለማጅ ልጆች በዚያ ይገኛሉ።

አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው በ1900 ዓ. ም. ለዳግማዊ ምኒልክ ነው። ጎሚስታ፣ ቸርኬ፣ ክሪክ፣ ዳዶ የሚሉት ቃላት ግን ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። ሙያው እንደ ቃላቱ ሁሉ ከመጽሐፍ ይልቅ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቷል። እጁ የለመደውም የብረት ቸርኬን ነው። ብረት ታጋሽ ነው፤ ቢጣመም በመዶሻ ይቃናል፣ ቢጫር በቀለም ይሸፈናል።

አሁን ሞጆ ላይ ጥቂት ይቁሙ። የሐዋሳው መንገድ የሚገነጠለው እዚህ ነው፤ ደረቅ ወደቡም እዚህ ስለ ሆነ ከባድ መኪና ከደጁ አይታጣም። ቀኑን ሙሉ የከባድ መኪና ጎማ ሲያወጣ የዋለ ክንድ፣ ወደ ማታ የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ቸርኬ ያላት ትንሽ መኪና ትመጣለታለች። ባለ መኪናውም ወርዶ የሚናገረው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ቶሎ በል!»

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። አሉሚኒየም ክብደቱ ከብረት ሲሶ ያህል ነው፤ ከሌላ ማዕድን ጋር ተደባልቆ ቸርኬ ሲሆን ጠንካራና ያማረ ይሆናል። ነገር ግን መዶሻ ሲያርፍበት ሊሰነጠቅ ይችላል። ስንጥቁ ለዓይን ባይታይም አየር ቀስ እያለ ይወጣበታል፤ አየር የጎደለው ጎማ ደግሞ በፍጥነት ሲነዳ ይግላል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ስለዚህ ነገሩ የውበት ብቻ ሳይሆን የሕይወትም ነው። ቸርኬው ተጭሮ ሲገኝ ባለ መኪናው በለማጁ ልጅ ላይ ይጮኻል፤ የችኮላው ዕዳ ከሁሉ ትንሽ በሚያገኘው ላይ ያርፋል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ማለት ይህ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። አስቀድሞ የቫልቩ ውስጥ ተፈትቶ አየሩ ሁሉ ይውጣ። ቸርኬው በሚያምረው ፊቱ ጠጠር ላይ እንዳይደፋ አሮጌ ምንጣፍ ይነጠፍለት። የጎማው ጠርዝ ዙሪያውን የሳሙና ውሃ ይቀባ። የማውጫው ብረት ቸርኬውን በሚነካበት ስፍራ ቁራጭ ቆዳ ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ይግባ፤ ሥራው በመኪና የሚሠራ ከሆነም ቸርኬውን የሚይዙት ጥርሶች ፕላስቲክ የለበሱ ይሁኑ።

ዋናው ብልሃት ግን ሌላ ነው። ቸርኬው በመካከሉ ዙሪያውን የሚሄድ ጎድጓዳ ቦይ አለው። የጎማው ጠርዝ በአንድ ወገን ወደዚህ ቦይ ተጭኖ ሲገባ በትይዩ ያለው ወገን ይላላል፤ ያን ጊዜ ብዙ ጉልበት አያስፈልግም። ጎማው እንቢ ካለ ጠርዙ ከቦዩ ወጥቷል ማለት ነውና፣ ክንድ ከመጨመር ወደ ቦዩ መመለስ ይሻላል። ማመዛዘኛውም እርሳስ ከቸርኬው ጠርዝ ላይ በመዶሻ ከሚመታ ከውስጥ በኩል ቢለጠፍ ይመረጣል።

እርስዎም ከአጠገቡ ቆመው «ወንድሜ፣ አልቸኩልም፤ ቸርኬው አሉሚኒየም ነውና ቀስ ብለህ ሥራልኝ» ቢሉት ምን ይጎዳዎታል? ለተጨማሪው ጊዜ ጥቂት ብር ቢጨምሩለትም፣ ከአንድ ቸርኬ ዋጋ ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም፤ ይልቁንም በወር ደመወዝ ለሚተዳደር ሰው።

ዳዶዎቹ መጀመሪያ በእጅ ይግቡ፤ ከዚያ በተርታ ሳይሆን በትይዩ እያቀያየሩ ይጥበቁ። የአሉሚኒየም ቸርኬ ጥቂት ከተነዳ በኋላ ዳዶው ሊላላ ስለሚችል፣ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ እንደገና መፈተሽ ይገባዋል። ጎማዎን ቃሊቲ ላይ ለውጠው ከሆነ እንግዲህ፣ አዳማ ሲደርሱ ከምሳ በፊት ቁልፉን ያንሡና ዳዶዎቹን አንድ በአንድ ይሞክሯቸው።