በፒኙዶ የተካፈልነው አሳ

ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ፣ በጎግ ወረዳ፣ በጊሎ ወንዝ አጠገብ ፒኙዶ የምትባል ከተማ አለች። ለብዙ ዓመታት ከደቡብ ሱዳን የተሰደዱ ወገኖችን ያስጠለለች ናት። ወደዚያ በሄድን ጊዜ እኔና ባለቤቴ በገንዘብ ጉዳይ ተኳርፈን ስለ ነበር መንገዱን በሙሉ አልተነጋገርንም።

ሙቀቱ አድክሞን ከአንድ የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ምግብ ለምትሸጠው የአኙዋ እናት የቀራት አንድ ሰሃን ብቻ ነበር፤ የበቆሎ ገንፎና ከወንዙ የወጣ የተቀቀለ አሳ። እጃችንን አስታጥባ ሰሃኑን በመካከላችን አስቀመጠችው። መኳረፋችንን አላወቀችም።

አሳው እሾሃም ነው፤ እኔ ደግሞ እሾህ ለቅሞ መብላት አልችልበትም። ባለቤቴ ይህን ስለምታውቅ ዝም ብላ ሥጋውን እየለየች ወደ እኔ በኩል ታደርግልኝ ጀመር። ልቤ ተነካ። «ይቅር በይኝ፤ ሳላማክርሽ ማበደሬ ጥፋት ነው» አልኳት። መልስ ሳትሰጠኝ አጎረሰችኝ።

ጌታችን ከትንሣኤው በኋላ ጴጥሮስን ስለ ፍቅሩ የጠየቀው በፍም ላይ አሳ አዘጋጅቶ ካበላው በኋላ መሆኑን (ዮሐንስ 21) ያስተዋልኩት ያን ዕለት ነው። ውድ ባለ ትዳሮች፣ ወደ ጎግ ብትሄዱ አሳውን ቅመሱ፤ የምታዝዙት ግን አንድ ሰሃን ብቻ ይሁን።