ከግቢ ወጡ የተባሉት ወንበሮች

እኛ ቤት ሁለቱ ወንበሮች «ከግቢ የተሸለሙ» ይባላሉ። ወንድ አያታችን ምን ሠርተው እንደተሸለሙ ግን አንዱ አጎቴ ከሌላው ለየት አድርጎ ነው የሚያወራው። በ2017 ዓ.ም. ካዛንችስ ሲፈርስ የእኛም ቤት ተነሳ፤ ዕቃ ሲከፋፈል ጠቡ በወንበሮቹ ላይ ሆነ። ምንጫቸው ሳይታወቅ ማንም አይወስዳቸውም አልኩ።

አንዱን ጭኜ መርካቶ ወደ አንድ አዛውንት አናጺ ሄድኩ። ገልብጠው አዩት፣ በጥፍራቸው ጫሩት። «ልጄ፣ ይሄ ዋንዛ አይደለም፤ ከእኛ አገር እንጨትም አይመስልም» አሉኝ። እርስ በርሱ የተጣለፈው እግሩና ቅርጻ ቅርጽ ያለው መደገፊያው ሳቮናሮላ የሚባለው የጣልያን ወንበር መለያ ነው፤ ወንበሩ እ.ኤ.አ. በ1498 ፍሎረንስ ውስጥ ተሰቅሎ በተቃጠለው መነኩሴ ስም ይጠራል። ጣልያን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንድ አገር ስትሆን የጥንት ክብሯን በቤት ዕቃም ጭምር ፈለገችው፤ ይኸው ወንበር እንደገና በገፍ ተሠራ። የእኛስ ከየትኛው ዘመን ነው? ሰውዬው በካቻቢቴ አንድ ብሎን ፈቱ። ጫፉ ሹል፣ ጥርሱ እኩል፤ የማሽን ሥራ ነው። መቀመጫው ሥር ደግሞ የክብ መጋዝ ጭረት ቅስት ሠርቶ ይታያል። መነኩሴው ይህን ዓይነት መጋዝ አያውቅም፤ የእኛ ከኋለኛው ዘመን ነው።

ካዛንችስ ራሱ ጣልያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ የሠራው ሠፈር ነው። ከሽንፈቱ በኋላ እንግሊዞች የጣልያኖቹን ሴቶችና ሕጻናት ወደ አገራቸው ሰደዱ፤ በ1934 ዓ.ም. ሳቱርኒያና ቩልካኒያ የተባሉት ነጭ መርከቦች ከበርበራ ጫኗቸው። ልጅ ታቅፎ ወንበር የሚሸከም የለም።

ይህን ይዤ ትልቋ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ከጣልያን ቤት ነው እንዴ የወጡት?»

ሳቁ። «ታዲያ ከየት ይውጡ? እናቴ ለጣልያኗ እንቁላልና ቅቤ ትሸጥላት ነበር። ሴትዮዋ ልትሄድ ስትል በሁለት ቁና ጤፍ ለወጠቻት።»

«ግቢውስ?»

«እሱ የአባባ ወሬ ነዋ! ለእንግዳ ‹ሚስቴ በጤፍ ለወጠችው› ይበል እንዴ?»

እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለቱ ቁና ከሽልማቱ ይበልጥብኛል፤ በዚያ በችግር ዘመን ጤፍ አውጥቶ ወንበር መግዛት ቀላል ድፍረት አይደለም። ትልቁ አጎቴ ግን ወሬውን ሲሰማ ድርሻውን ወዲያው ተወ። ትንሹ አልተወም፤ ጤፉ በማን መሬት ላይ እንደበቀለ እያጣራ ነው።