ስድስት ሆነን ወደ ባሌ

ለዕረፍት ከከተማ ለመውጣት ያሰበ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚከራከረው የት እንሂድ በሚለው ላይ ነው። እኛ ቤት ግን ቦታው አላከራከረንም። አማቴ የጎባ ልጅ ናቸው፤ ካገቡ ወዲህ ኑሯቸው አዲስ አበባ ሆኖ ቀርቷል። ሦስቱ ልጆቼ ደግሞ ቀይ ቀበሮን የሚያውቁት በመጽሐፍና በቴሌቪዥን ብቻ ነው። ስለዚህ ከጥምቀት በኋላ ባለው የትምህርት ቤት ዕረፍት የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ለማየት ተስማማን። ያከራከረን «እማማ ከፍታውን ይችሉታል ወይ?» የሚለው ነው።

እማማ 71 ዓመታቸው ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። ባለቤቴ ፈራ ተባ እያለ «ሐይቅ ዳር ብንሄድስ?» ሲል ሰምተው፣ «ተወልጄ ያደግሁበት አገር ነው እንዴ የሚገድለኝ?» አሉት። ሁላችንም ሳቅን። ነገሩ ግን በሳቅ የሚታለፍ አልነበረም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለባት ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነች። የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ይደርሳል፤ እዚያው ላይ ያለው ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። እዚያ አየሩ ስስ በመሆኑ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ጤነኛውን ወጣት እንኳ ሊይዙት ይችላሉ። በልጅነት እዚያ ማደግም ብዙ አያድንም። ሰውነት ከፍታን የሚለምደው በቀናት ውስጥ ነው፤ ዝቅ ብሎ ሲኖርም ይረሳዋል።

ሐኪማቸውን አማከርን። ሦስት ነገር አሳስበው ፈቀዱ፦ ቀስ በቀስ መውጣት፣ መድኃኒቱን አለማቋረጥ፣ ሕመም ከተሰማቸው ደግሞ «ይተወኛል» ብሎ ሳይጠብቁ ዝቅ ወዳለ ቦታ መውረድ። የጉዞ ዕቅዳችንን የሠራነው ከዚህ በመነሣት ነው።

የመጀመሪያው ቀን የመንገድ ቀን ነው። በአዳማና በአሰላ አድርገን፣ ደራርቱ ቱሉና ቀነኒሳ በቀለ በወጡባት በቆጂ ሻይ ጠጥተን፣ በአዳባ በኩል ዲንሾ እንደርሳለን። እዚያ የመግቢያ ክፍያ ከፍለን አስጎብኚ እንይዝና ወደ ጎባ እንቀጥላለን። መንገዱ በድምሩ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ጎህ ሲቀድ መነሣት ግድ ነው። ጎባ ከዲንሾ ዝቅ ስለምትል የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች የምናድረው እዚያ ነው። ሳነቴን በሦስተኛው ቀን በመኪና ወጥተን ጥቂት ሰዓት እናያለን እንጂ አናድርበትም። ከአምባው ወዲያ መንገዱ ቁልቁል ወደ ሐረና ደን ይወርዳል፤ ዱር በቀል ቡና ያለበት፣ የንብ ቀፎ ዛፍ ላይ የሚሰቀልበት ደን ነው።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ሌሊቶች በዲንሾ እናሳልፋለን። ለቤተሰብ ዲንሾን የመረጥኩት በጥድና በኮሶ ዛፎች መካከል በእግር እየተንሸራሸሩ የደጋ አጋዘን፣ የምኒልክ ድኩላና ከርከሮ ማየት ስለሚቻል ነው። ትንሹ ልጄ መኪና ውስጥ ረጅም ሰዓት መቀመጥ አይችልም።

ማረፊያ ስትይዙ ዋጋ ብቻ ጠይቃችሁ ስልኩን አትዝጉ። ማብሰያ ቦታ አለ? ሙቅ ውኃ በስንት ሰዓት ይገኛል? ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይሰጣሉ? ሽማግሌ ደረጃ ሳይወጣ የሚገባበት ክፍል አለ? ብላችሁ ጠይቁ። በጋ ቢሆንም ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ቀን ደግሞ ፀሐዩ ፊት ይልጣል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው ጋቢ፣ የሱፍ ካልሲና ባርኔጣ አዘጋጅቻለሁ። ለስንቅ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ሽሮ እንይዛለን። በ3,000 ሜትር ላይ ውኃ በ90 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ባቄላና ሽምብራ ቶሎ አይበስሉም፤ ጥራጥሬ ይዞ መሄድ ማገዶ መጨረስ ነው። ጭኮውን እማማ ራሳቸው ይሠሩታል።

ልጆቹን ያስለቀሰው የውሻችን የቡቺ ጉዳይ ነው። «እሱስ ለምን ይቀራል?» አሉ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ውስጥ ይኖራሉ። ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ መንጋ መንጋቸውን ፈጅቷል። ይህን ሳስረዳቸው ትልቋ «እንግዲያው ጎረቤት ይጠብቅልን» አለች። ትንሹ ግን ገና አኩርፏል። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ እኛም ስንገባ መኪናችንን ቀስ አድርጎ መንዳትና ቆሻሻችንን ይዘን መመለስ ይጠበቅብናል።

ትናንት ማታ ከእማማ ጋር የመጨረሻውን ውል ተዋዋልን። ጎባ ላይ ሁለት ሌሊት አድረው ራሳቸውን ካመማቸው ሳነቴ አይወጡም። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ «እሺ፤ ከዘመዶቼ ጋር ቡናዬን እጠጣለሁ፤ እናንተ አይታችሁ ትነግሩኛላችሁ» አሉኝ። እንዲያ ከሆነ አብሬያቸው የምቀረው እኔ ነኝ። ቀይ ቀበሮውን ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ያዩታል፤ እኔ ደግሞ እማማ ያደጉበትን ሰፈር ያሳዩኛል።